ትርፍ ባትሪና ፓወር ባንክ፦ ስምንት ወር የተጠቀምሁባቸው አራት ዕቃዎች ግምገማ

እናቴ ታማ በተኛችበት ሰሞን፣ ከሐኪሟ የሚመጣልኝን ጥሪ እየጠበቅሁ ሳለ ስልኬ 18 በመቶ እያሳየ በድንገት ጠፋ። ሐኪሟ የደወሉትም ስልኬ ጠፍቶ በቆየበት በዚያው አንድ ሰዓት ውስጥ ነበር። ሊነግሩኝ የፈለጉት ደግ ወሬ ስለነበር የከፋ ነገር አልደረሰም፤ ሆኖም ከዚያን ዕለት ጀምሮ የስልክ ባትሪ ጉዳይ ለእኔ የምቾት ጥያቄ መሆኑ ቀረ። ባለፉት ስምንት ወራት የስልክን ዕድሜ በቀን ውስጥ ለማራዘም የሚያገለግሉ አራት ዕቃዎችን በተራ ተጠቅሜ፣ የሚሰጡትንም ኃይል በትንሽ የዩኤስቢ መለኪያ እየለካሁ መዝግቤአለሁ። እነሱም ባትሪው በእጅ ለሚወጣ ስልክ የገዛሁት ትርፍ ባትሪ፣ ባለ 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ፓወር ባንክ፣ ባለ 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ፓወር ባንክ፣ እንዲሁም በማግኔት ከስልክ ጀርባ የሚለጠፍ ባለ 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ገመድ አልባ ፓወር ባንክ ናቸው። የዕቃዎቹን አምራቾች ስም አልጠቅስም፤ የማነሣቸው ጥቅሞችና ጉድለቶች በአብዛኛው የአንድ ፋብሪካ ሳይሆኑ የዕቃው ዓይነት የሚያመጣቸው ስለሆኑ፣ አንባቢ ሌላ ስም የተጻፈበት ተመሳሳይ ዕቃ ቢገዛም የሚገጥመው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ወደ ዕቃዎቹ ከመግባቴ በፊት መለኪያውን ላስተካክል፤ ያለ እሱ የሚቀጥለው ሁሉ ትርጉም ያጣል። በፓወር ባንክ ካርቶን ላይ በጉልህ የሚታተመው የሚሊአምፔር ሰዓት ቁጥር፣ እውነተኛ በሚሆንበት ጊዜ እንኳ ገዢው የሚገምተውን ነገር አይናገርም። ቁጥሩ የሚያመለክተው በውስጥ ያሉት የሊቲየም ሴሎች በራሳቸው ቮልቴጅ፣ ማለትም በአማካይ በ3.7 ቮልት፣ የያዙትን መጠን ነው። ስልክ ግን በዩኤስቢ ገመድ የሚቀበለው 5 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ስለሆነ፣ በፓወር ባንኩ ውስጥ ያለው ሰርኪዩት ቮልቴጁን ከፍ ማድረግ ይኖርበታል፤ ቮልቴጁ ከፍ ባለ መጠን ደግሞ የሚሊአምፔር ሰዓቱ ቁጥር በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ባለ 10,000 የሚባለው ዕቃ በትክክለኛው ስሌት የያዘው 37 ዋት ሰዓት (መጠኑ በቮልቴጁ ተባዝቶ የሚገኘው ጠቅላላ ኃይል) ነው፤ ይህም በ5 ቮልት ሲቆጠር 7,400 ሚሊአምፔር ሰዓት ይሆናል፤ ቮልቴጁን ከፍ በማድረግ ሂደት ሙቀት ሆኖ የሚባክነው ሲቀነስለት ወደ 6,000 ገደማ ይወርዳል። ጠንቃቃ አምራቾች ይህን ሁለተኛ ቁጥር በዕቃው ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል ያትሙታል። የእኔ ባለ 10,000 ጀርባው ላይ 6,000 ሚሊአምፔር ሰዓት በ5 ቮልት የሚል ጽሑፍ አለው፤ 30 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ገዢ ሊመለከተው የሚገባው ቁጥር ይህ ነው፤ በእኔ አስተያየት በካርቶኑ ፊት ለፊት በትልቁ መጻፍ የነበረበትም ይኸው ነው።

በሌላ በኩል ያለው ስልክ ባለ 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ቢሆን፣ የዛሬዎቹ የስልክ ባትሪዎች አማካይ ቮልቴጅ 3.85 ገደማ ስለሆነ፣ ለመሙላት የሚፈልገው 19 ዋት ሰዓት ከትንሽ ነው። ከዚያ ላይ ስልኩ ራሱ ኃይሉን ተቀብሎ ወደ ባትሪው ሲያስገባ ጥቂት ይባክናል። 10,000ን ለ5,000 አካፍሎ ሁለት ጊዜ እሞላበታለሁ ብሎ የገዛ ሰው አንድ ጊዜ ሙሉውን ከሞላ በኋላ ሁለተኛው ዙር ግማሽ ሳይደርስ ወይም ግማሽ ላይ ሲያቆምበት፣ የተጭበረበረ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ አልተጭበረበረም፤ በትልቁ የተጻፈለት ቁጥር የተሳሳተውን ጥያቄ መልሶለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ብክነት ነጻ የሆነው አንዱ መንገድ ዛሬ የተረሳው ትርፍ ባትሪ ነው። የስልኩን ጀርባ ከፍቶ የደከመውን ባትሪ አውጥቶ የሞላውን መተካት በአንድ ወቅት ለሁሉም ሰው የታወቀ ነገር ነበር፤ በ2000 (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የወጣውን ኖኪያ 3310 የያዘ ሰው ባትሪ ለማውጣት ከጥፍሩ በቀር መሣሪያ አላስፈለገውም። በ2007 የወጣው የመጀመሪያው አይፎን ባትሪው የታሸገ ነበር፤ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተከተሉት። ሳምሰንግ በ2014 ባወጣው ጋላክሲ ኤስ 5 ባትሪው በእጅ ይወጣ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት በወጣው ኤስ 6 ግን ታሸገ። ለማሸጉ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ስልኩን ውኃ እንዳያስገባ ማድረግ ነው፤ ይህን ምክንያት ሙሉ በሙሉ መቀበል የሚያስቸግረኝ ግን ያው ኤስ 5 ጀርባው በእጅ እየተከፈተም ውኃን ይቋቋም ስለነበር ነው። ለሥራ ቦታ ተብለው የሚሠሩት የሳምሰንግ ኤክስከቨር ስልኮችም እስከ ዛሬ ሁለቱንም አጣምረው ይዘዋል። ፌርፎን የሚባለው አምራችም ባለቤቱ ራሱ ባትሪውን የሚቀይርባቸውን ስልኮች ይሠራል።

ለዚህ ግምገማ የተጠቀምሁት እንዲህ ያለ ባትሪው የሚወጣ፣ አቅሙ 4,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ የሆነ ሁለተኛ ስልክ ነው። ከትርፍ ባትሪው ጋር ባትሪውን ብቻውን አስቀምጦ የሚሞላ ትንሽ ማስቀመጫ ቻርጀርም ገዝቻለሁ፤ ይህ ማስቀመጫ ከሌለ የትርፍ ባትሪ ግማሽ ጥቅሙ ይጠፋል፣ ምክንያቱም ሁለቱንም ባትሪዎች በአንድ ስልክ ውስጥ እያፈራረቁ ለመሙላት ሌሊት መነሣት ያስፈልጋል። ከልምዴ የምመሰክረው፣ ከአራቱ ዕቃዎች የልቤን ያደረሰልኝ ይህ መሆኑን ነው። ስልኩን ማጥፋት፣ ባትሪውን መለወጥና እንደገና ማብራት በአጠቃላይ ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ከዜሮ ወደ 100 በመቶ ተመልሷል። ገመድ የለም፤ ሁለት ሰዓት ከአንድ ሳጥን ጋር ተጣብቆ መቆየት የለም፤ በኪስ ውስጥ የሚግል ነገርም የለም። ክብደቱ ከ70 ግራም አይበልጥም። በባትሪውና በስልኩ መካከል ቮልቴጅ የሚለውጥ ሰርኪዩት ስለሌለ በባትሪው ላይ የተጻፈው ኃይል በሙሉ ለስልኩ ይደርሳል። ሌላም የማይነገርለት ጥቅም አለው፦ ሁለት ባትሪ እየተፈራረቀ ሲሠራ እያንዳንዱ የሚሞላበትና የሚያልቅበት ዙር በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ሁለቱም ረዘም ያለ ዕድሜ ይኖራቸዋል።

ድክመቶቹን አልሸሽግም። ትርፍ ባትሪ የሚስማማው ለአንድ የስልክ ሞዴል ብቻ ስለሆነ ስልኩ ሲቀየር አብሮ ከጥቅም ውጪ ይሆናል። ከዚህም የሚብሰው ትክክለኛውን ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑ ነው። መጀመሪያ የገዛሁት ባትሪ ከኦርጂናሉ ጋር እኩል መጠን እያለው ከኦርጂናሉ በእጅጉ የሚበልጥ ቁጥር የተጻፈበት ነበር፤ በሁለተኛው ወር ሆዱ አብጦ የስልኩን ጀርባ መግፋት ሲጀምር አወጣሁት። በአንድ ዓይነት ስፋትና ውፍረት ውስጥ አንዱ ባትሪ ከሌላው በብዙ እጥፍ ሊይዝ እንደማይችል ያኔውኑ ማሰብ ነበረብኝ። በባትሪ ጠርዝ ላይ ከሚታዩት የብረት መንኪያዎች ሁለቱ ኃይል የሚያስተላልፉ ሲሆኑ፣ የተቀሩት ስልኩ የባትሪውን ሙቀትና ማንነት የሚያውቅባቸው ናቸው፤ በርካሽ ቅጂዎች ላይ እነዚህ ለይስሙላ የተቀመጡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ባትሪው ሲግል ስልኩ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ሁለተኛውን ስገዛ የተመረተበትን ቀን አይቼ ነው፤ የሊቲየም ባትሪ ሳይነካ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃልና፣ ከአራት ዓመት በፊት ተመርቶ ካርቶኑ ያልተከፈተ ባትሪ አዲስ ሊባል አይገባውም።

ኦርጂናል መሆኑም ብቻውን ሁሉን አይፈታም። በ2007 ኖኪያ ቢኤል 5ሲ ከሚባሉት ባትሪዎቹ መካከል ማትሱሺታ በተባለው ድርጅት የተሠሩ 46 ሚሊዮን ያህሉ ቻርጅ ሲደረጉ ሊግሉ እንደሚችሉ አስታውቆ በነጻ እቀይራለሁ ብሎ ነበር። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ስሙ የታወቀ አምራች የትኛው ምርት እንደተበላሸ ቆጥሮ ሊያውቅና ሊጠይቁት የሚቻል ሲሆን፣ ስም የለሽ ቅጂ ግን ቢበላሽ የሚጠየቅለት ሰው የለም። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ ትርፍ ባትሪ እርቃኑን ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር በአንድ ኪስ መቀመጥ የለበትም፤ መንኪያዎቹን ብረት ካገናኛቸው ወዲያው ይግላልና በፕላስቲክ መያዣ ውስጥ መሆን አለበት።

ባትሪው የታሸገ ስልክ ለያዘው ለአብዛኛው ሰው ያለኝ ምርጫ ባለ 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባለገመድ ፓወር ባንክ ነው። የእኔው 210 ግራም ይመዝናል፤ ከስልኬ ጥቂት ይበልጣል ማለት ነው፤ በኮት ኪስ ይያዛል፤ ስልኬን አንድ ጊዜ ከሞላ በኋላ ለሌላ ግማሽ ቀን የሚሆን ይተርፈዋል። በዩኤስቢ ሲ በኩል እስከ 20 ዋት ይሰጣል፤ ያ ደግሞ ከ20 በመቶ የተነሣን ስልክ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለቀሪው ቀን የሚበቃ ደረጃ ላይ ለማድረስ በቂ ነው። በአንጻሩ 5 ቮልትና 1 አምፔር ብቻ የሚሰጥ አሮጌ ፓወር ባንክ 5 ዋት ብቻ ስለሚያቀብል፣ ስልኩ በሥራ ላይ እያለ ከተሰካበት የሚሰጠውና ስክሪኑ የሚበላው እየተቀራረበ ቁጥሩ ከቦታው ንቅንቅ ላይል ይችላል። ስለዚህ ከአቅም ቀጥሎ መታየት ያለበት ዋቱ ነው፤ ዋቱም ስልኩ ከሚያውቀው የፈጣን ቻርጅ ሥርዓት ጋር መግባባት አለበት። አንዳንድ ስልኮች ካርቶናቸው ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ፍጥነት የሚያገኙት ከራሳቸው ቻርጀር ብቻ ነው፤ በሌላ ፓወር ባንክ ላይ ሲሰኩ ወደ ዝቅተኛው ይመለሳሉ። ዩኤስቢ ፓወር ደሊቨሪ የሚባለው ሥርዓት በአብዛኞቹ አዳዲስ ስልኮች ዘንድ የታወቀ ስለሆነ፣ እሱን የሚደግፍ ፓወር ባንክ ስልክ ቢቀየርም ማገልገሉን ይቀጥላል።

በዚህ ዕቃ ላይ ብዙ የሠራሁበት ነገር ስልኬን መቼ ልሰካው የሚለው ነው። የሊቲየም ባትሪ ሲሞላ እስከ 80 በመቶ አካባቢ ፈጥኖ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ቮልቴጁ ጣሪያው ላይ ስለሚደርስ የሚቀበለው ፍሰት እያነሰ ይሄዳል፣ የመጨረሻዎቹም 20 በመቶዎች ከመጀመሪያው ግማሽ ያልተናነሰ ጊዜ ሊወስዱ ይችላሉ። ስለዚህ ስልኬ 5 በመቶ እስኪደርስ መጠበቅ ትቼ፣ 30 በመቶ ሲሆን እሰካለሁ፣ 80 ሲደርስ እነቅላለሁ፤ ይህ ልማድ ሳጥኑን ከስልኩ ጋር ይዤ የምዞርበትን ጊዜ በእጅጉ አሳጥሮልኛል። ለስልኩ ባትሪም የሚስማማው ይኸው ነው፤ ሙሉ በሙሉ ሞልቶ ለረጅም ሰዓት መቆየትና እስከ ዜሮ መውረድ ሁለቱም ያደክሙታል።

አንድ ጉድለት አግኝቼበታለሁ። የጆሮ ማዳመጫዬን ወይም የእጅ ሰዓቴን ስሰካበት ጥቂት ቆይቶ ራሱን ያጠፋል፤ የሚወሰደው ፍሰት እጅግ ትንሽ ስለሚሆን ምንም ያልተሰካበት መስሎት ነው። አንዳንድ ፓወር ባንኮች ለዚህ ተብሎ ቁልፉን ደጋግሞ በመጫን የሚከፈት የዝቅተኛ ፍሰት መንገድ አላቸው፤ የእኔው የለውም፤ ስገዛ መጠየቅ ነበረብኝ።

ስለ ገመዱም መናገር ግድ ይለኛል፤ ሰው ፓወር ባንኩን በጥንቃቄ መርጦ ገመዱን እንደ ተራ ነገር ሲያየው አዝናለሁ። በ2 አምፔር ፍሰት አንድ ቀጭንና ረጅም ገመድ ግማሽ ቮልት ቢያስቀር፣ ከ10 ዋት ላይ አንዱ ዋት ገመዱን በማሞቅ ይጠፋል፤ ስልኩም ቮልቴጁ ሲወርድበት ፍሰቱን ራሱ ይቀንሳል። ሦስት ገመዶችን በዚያው ፓወር ባንክና በዚያው ስልክ ላይ እያፈራረቅሁ ስለካ፣ ከሌላ ዕቃ ጋር በትርፍነት የመጣው ረጅሙ ገመድ አጭሩና ወፈር ያለው ከሚያሳልፈው በግልጽ ያነሰ አሳልፏል። ከፓወር ባንክ ጋር የሚኖር ገመድ ከእጅ ስንዝር ብዙ ባይረዝም መልካም ነው።

ባለ 20,000ው የተሠራው ለሌላ ዓላማ ነው። 74 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ስልኬን ሦስት ጊዜ ሊሞላልኝ ጥቂት ነው የሚጎድለው፤ መብራት ሳይገኝ ሁለት ቀን ለሚቆይ ጉዞ ወይም ለሁለት ሰዎች ስልክ እጅግ ጠቃሚ ነው። ግን 400 ግራም ስለሚመዝን በኪስ አይያዝም፤ በየቀኑ ቦርሳ ውስጥ ስዞርበት ከቆየሁ በኋላ ከሁለት ሳምንት በላይ አልዘለቅሁበትም። ራሱን መልሶ መሙላትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ በ10 ዋት ቻርጀር ከአንድ ሌሊት በላይ ይፈልጋል፤ በ20 ዋት ግን አምስት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ትልቁን የሚገዛ ሰው ምን ያህል እንደሚሰጥ ብቻ ሳይሆን በምን ያህል ዋት እንደሚሞላም ሊመለከት ይገባል፤ ይህ ቁጥር በዕቃው ጀርባ ላይ በመግቢያው ተራ ይገኛል። ለአውሮፕላን ተጓዥ ደግሞ ወሳኙ ቁጥር 100 ዋት ሰዓት ነው። ከዚያ በታች የሆነ ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ይፈቀዳል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ከ160 በላይ የሆነው አይፈቀድም። ትልቅም ሆነ ትንሽ ማንኛውም ፓወር ባንክና ትርፍ ባትሪ ወደ ዕቃ ጫኚው ክፍል በሚገባ ሻንጣ ውስጥ መቀመጥ የለበትም፤ እሳት ቢነሣ በዚያ የሚያየው ሰው የለም።

በማግኔት የሚለጠፈው ባለ 5,000 ገመድ አልባ ከአራቱ ሁሉ ያላረካኝ ነው። ሲታይ ያምራል፤ ገመድ የለውም፤ ከስልኩ ጀርባ ጥብቅ ብሎ ይያዛል፤ በእግር እየሄዱ ለመጠቀምም ይመቻል። ነገር ግን የያዘው 18.5 ዋት ሰዓት በፓወር ባንኩና በስልኩ ውስጥ ባሉት የሽቦ መጠምጠሚያዎች መካከል በአየር አልፎ ስልኩ ዘንድ ሲደርስ ከግማሹ ብዙም አልበለጠም፤ የቀረው ሁለቱን ዕቃዎች ሲያሞቅ ቀረ። ሙቀቱ ከብክነቱ ይብስብኛል። ስልኩ በጀርባው በኩል ስለሚሞቅ፣ እየተጠቀምሁበት ሳለ ስክሪኑ ደብዝዞ ቻርጅ ማድረጉንም ለጊዜው ያቆመባቸው ቀናት ነበሩ። አፕል ስልኮቹን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ አካባቢ እንዲጠቀሙባቸው የሚመክረውና ከዚያ በላይ የሆነ ሙቀት የባትሪን አቅም ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሙቀት የሊቲየም ባትሪ ዋነኛ ጠላት ነው። ስልክን ለአንድ ቀን ለማቆየት ተብሎ የተገዛ ዕቃ የስልኩን ባትሪ በየቀኑ የሚያስረጀው ከሆነ ዓላማውን ስቷል። በ2023 ይፋ የሆነው ቺ 2 የተባለው የገመድ አልባ ቻርጅ መስፈርት ማግኔቱ መጠምጠሚያዎቹን በትክክል ፊት ለፊት እንዲያገናኝ በማድረግ ብክነቱን ቀንሶታል፤ ቢሆንም ገመድን አይተካከልም። ስልክን ውስጡ ከቶ የሚይዘው ባለ ባትሪ ሽፋን የሚባለውም ለአንድ ሞዴል ብቻ የሚሆንና ሙቀት የሚያምቅ ስለሆነ አልመክረውም።

በገበያ ላይ የሚታዩትን 50,000 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈባቸውን ቀላል ፓወር ባንኮች በሚመለከት የማንኛውም መሣሪያ ባለሙያ እርዳታ ሳያስፈልግ በሚዛን ብቻ ማጣራት ይቻላል። የዛሬ ጥሩ የሊቲየም ሴል በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት የሚይዘው 250 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። 50,000 ሚሊአምፔር ሰዓት 185 ዋት ሰዓት ነው፤ ይህን ለመያዝ መያዣውና ሰርኪዩቱ ሳይቆጠሩ ሴሎቹ ብቻ ከ700 ግራም በላይ መመዘን አለባቸው። ስለዚህ 300 ግራም ብቻ የሚመዝን ሳጥን ላይ 50,000 ተጽፎ ካያችሁ፣ ቁጥሩ እውነት ሊሆን አይችልም። በተመሳሳይ መንገድ 18650 የሚባሉት ክብ ሴሎች፣ ማለትም 18 ሚሊሜትር ስፋትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት ያላቸው፣ በአብዛኛው ከ2,000 እስከ 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዙ ሲሆኑ፣ 9,900 የተጻፈባቸው ይሸጣሉ። የሚዛኑ ፈተና ክብደት ለመጨመር ባዕድ ነገር የተሞላበትን ሳጥን አይለይም፤ ቀላሉን ግን ያጋልጠዋል። ሰው የደከመበትን ገንዘብ ከፍሎ ባዶ ቁጥር ሲገዛ ማየት ያሳዝነኛልና ይህን ቀላል ስሌት ሁሉም ቢያውቀው እወዳለሁ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቀን ልመለስ። ስልኬ 18 በመቶ እያሳየ የጠፋው ቻርጁ አልቆ አልነበረም፤ ባትሪው አርጅቶ ነበር። ያረጀ ባትሪ የውስጥ ተቃውሞው ስለሚጨምር፣ ስልኩ በድንገት ብዙ ኃይል ሲፈልግ፣ ለምሳሌ ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታ ሆኖ ለመገናኘት ሲታገል፣ ቮልቴጁ ስልኩ ሊሠራበት ከሚችለው በታች ይወርዳል፤ ስልኩም ራሱን ያጠፋል። ይህን ያወቅሁት ፓወር ባንኮቹን ከገዛሁ በኋላ መሆኑ ይቆጨኛል። አብዛኞቹ የስልክ ባትሪዎች የሚሠሩት ከተወሰነ ሙሉ ዙር በኋላ ከመነሻ አቅማቸው 80 በመቶ ያህሉን ይዘው እንዲቆዩ ታስቦ ነው፤ አፕል ለአይፎን 14ና ከዚያ በፊት ለነበሩት 500 ዙር፣ ከአይፎን 15 ጀምሮ ደግሞ 1,000 ዙር ብሎ ያስቀምጣል። በየቀኑ አንድ ሙሉ ዙር የሚጠቀም ሰው 500ውን ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ይጨርሳል። ስለዚህ ስልኩ ሦስት ዓመት የሞላው፣ ጠዋት ሞልቶ እኩለ ቀን ላይ የሚያልቅበት፣ ወይም እንደ እኔ በሁለት አሐዝ በመቶ ላይ እያለ የሚጠፋበት ሰው፣ ፓወር ባንክ ከመግዛቱ በፊት የስልኩን የውስጥ ባትሪ በታመነ ባለሙያ ማስቀየር አለበት። ከዚያ በኋላ ፓወር ባንክ ሳያስፈልገው የሚቀርበት ዕድል ሰፊ ነው። እኔ ባስቀየርሁ ማግሥት ስልኬ ያለምንም ድጋፍ እስከ ምሽት ቆየ።

ይህን ቅያሬ በባለሙያ እጅ ብቻ የሚሆን ያደረገው ማሸጉ ነው፤ እሱም መለወጥ ጀምሯል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባጸደቀው የባትሪ ደንብ መሠረት ከየካቲት 2027 ጀምሮ በገበያው ላይ የሚውሉ አነስተኛ ዕቃዎች ባትሪያቸው በተጠቃሚው ሊወጣና ሊተካ የሚችል መሆን ይጠበቅበታል፤ ረጅም ዕድሜ ያላቸው ባትሪዎች ለተገጠሙላቸው ስልኮች ግን ልዩ ሁኔታ ተፈቅዷል። ልዩ ሁኔታው ጠብቦ ደንቡ ሰፍቶ ባየው ደስ ይለኛል፤ ባትሪ የሚያልቅ የስልክ አካል ነው፤ የሚያልቅ አካል ደግሞ ባለቤቱ በቀላሉ የሚደርስበት መሆን አለበት።

ስለ አያያዝ ጥቂት ልበል። ፓወር ባንክ ለብዙ ጊዜ ሳይነካ የሚቀመጥ ከሆነ ግማሽ ድረስ ሞልቶ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ማኖርና በየሦስት ወሩ መመልከት ይበቃል፤ ባዶውን ከተቀመጠ ሴሎቹ ከማይመለሱበት ደረጃ ሊወርዱ ይችላሉ። በትራስ ሥር ወይም በብርድ ልብስ ውስጥ መሙላት የለበትም፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ጎኑ ያበጠ፣ የወደቀና የተሰነጠቀ፣ ወይም ምንም ሳይሰካበት የሚግል ፓወር ባንክ ዳግም መሞላት የለበትም፤ አለመብሳትና አለመጫን፣ ተቀጣጣይ ነገር ከሌለበት ቦታ ማኖር፣ ከዚያም ከተራ ቆሻሻ ጋር ሳይቀላቅሉ ያገለገሉ ባትሪዎችን ለሚሰበስብ ማስረከብ ነው።

ከስምንት ወር በኋላ በየቀኑ የምይዘው ባለ 10,000ውን ከአጭር ገመዱ ጋር ነው። ትልቁ ግማሽ ድረስ ተሞልቶ መሳቢያ ውስጥ ይቆያል፤ ከጉዞ አንድ ቀን በፊት እሞላዋለሁ። ማግኔታዊውን መልሼ አልገዛም። ትርፍ ባትሪውና ማስቀመጫው ከሁለተኛው ስልክ ጋር አሁን እናቴ ዘንድ ናቸው፤ የዓይኗ ጉልበት ስለደከመ ትንሹን የገመድ ቀዳዳ መፈለግ ያስቸግራታልና፣ ባትሪ አውጥታ ባትሪ መክተት ቀልሏታል። አንዱ በስልኩ ውስጥ ሲሆን ሌላው በአልጋዋ አጠገብ በማስቀመጫው ላይ አረንጓዴ መብራት አብርቶ ይጠብቃል።